ከአይአርኤ ገንዘብ ማውጣት፦ ከየትኛው ኪስ፣ በስንት ዋጋ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ከአገር ቤት መሆኑን ለማወቅ ቁጥሩን ማየት አያስፈልግም። አባቴ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ። ሲነጋ ስልኬን ከፍቼ ከግል የጡረታ ሂሳቤ፣ ከአይአርኤዬ፣ 10,000 ዶላር እንዲወጣልኝ አዘዝኩ። ሦስት ቦታ መጫን ብቻ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባንኬ ውስጥ 9,000 ገባ። "አንዷን ሺህ ለቅጣት ቆርጠዋታል፣ አለቀ" ብዬ ነገሩን ረሳሁት።

አላለቀም። ፌብሩዋሪ ላይ ፎርም 1099-አር የሚባል ወረቀት በፖስታ መጣ። ታክስ የምትሠራልኝ ልጅ ሳጥን 7ን በእስክሪብቶዋ ነካ አድርጋ "1 ቁጥር ይታይዎታል? ያለ ዕድሜዎ አውጥተዋል ማለት ነው" አለችኝ።

"ቅጣቱን እኮ ቆርጠውታል" አልኳት።

"ጋሼ፣ የቆረጡት የታክስ ቀብድ ነው። ቅጣቱ ገና ነው።"

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። የፌዴራል ታክስ 22 በመቶ፣ 2,200 ዶላር። ቅጣት 10 በመቶ፣ 1,000 ዶላር። የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ የስቴት ታክስ 5.75 በመቶ፣ 575 ዶላር። ድምሩ 3,775። አንዷ ሺህ ቀድማ ስለተቆረጠች የቀረውን 2,775 ዶላር ኤፕሪል ላይ ከኪሴ ከፈልኩ። አባቴ ድኗል፣ ተመስገን፤ በወጪው አላዝንም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያው ኩባንያ፣ በዚያው አፕ፣ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ሮዝ አይአርኤ ነበረኝ። በገዛ እጄ ያስገባሁት 12,000 ዶላር እዚያ ተቀምጧል። ከዚያ ባወጣው ኖሮ ታክሱም ቅጣቱም ዜሮ ነበር።

"የጡረታ ገንዘብ አይነካም" የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው ግን ስልኩ ሲጮህ ይነካል። ስለዚህ የምጽፈው እንዴት እንደሚነካ ነው። ቀደም ብሎ ማሰናዳት የሚቻለውንም አብሬ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሕጉም የአሜሪካ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁ ሂሳብ ምን እንደሆነ ለዩ

ብዙዎቻችን ማንኛውንም የጡረታ ገንዘብ "ፎር ኦ ዋን ኬ" እንለዋለን። 401ኬ በአሠሪ በኩል የሚመጣ ነው። አይአርኤ ደግሞ ራሳችሁ ሄዳችሁ የምትከፍቱት የግል ሂሳብ ነው። ልዩነቱ ገንዘብ ሲያስፈልግ ጎልቶ ይወጣል። ብዙ የ401ኬ ፕላኖች ከራሳችሁ ገንዘብ እንድትበደሩ ይፈቅዳሉ፤ ጣሪያው በጥቅሉ በስማችሁ ካለው ግማሹ ነው፣ ከ50,000 ዶላርም አይበልጥም። ከአይአርኤ ግን ብድር የሚባል ነገር የለም። ወጣ ማለት ወጣ ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ 401ኬ ያለው ሰው መጀመሪያ የብድሩን በር ይጠይቅ።

አይአርኤ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ትራዲሽናሉ በ1974 በወጣ ሕግ መጣ። ያስገባችሁት ከዘንድሮ ገቢያችሁ ላይ ሊቀነስላችሁ ይችላል፤ ታክሱን የምትከፍሉት ስታወጡ ነው። ሮዝ የሚባለው በ1998 ተጀመረ። ስሙ ከቀለሙ ጋር አይገናኝም፤ ሕጉን ሲገፋ የነበረው የደላዌር ሴናተር ዊሊያም ሮዝ ነው። እዚህኛው ውስጥ የምታስገቡት ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ሕጉን ጠብቃችሁ ስታወጡት ትርፉም ጭምር ከታክስ ነጻ ይሆናል።

ለ2025 ማስገባት የሚቻለው 7,000 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት ለሞላው 8,000። ለ2026 ወደ 7,500 ከፍ ብሏል፤ 50 ለሞላው 8,600። ይህ የሁሉም አይአርኤዎቻችሁ ድምር ነው፤ ለእያንዳንዱ አይደለም። ከጣሪያው ካለፋችሁ ትርፉ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ 6 በመቶ ትቀጣላችሁ።

ገንዘቡ ሠርታችሁ ያገኛችሁት መሆን አለበት፦ የደብሊው-2 ደመወዝ ወይም ከራሳችሁ ሥራ የተጣራ ገቢ። የቤት ኪራይ አይቆጠርም፣ ስጦታም አይቆጠርም። እዚህ ላይ ለኡበርና ለታክሲ ሾፌሮች አንድ ነገር ልበል። ማይሉን፣ ስልኩን ሁሉ ቀንሳችሁ ወረቀት ላይ 4,000 ዶላር ብቻ ካተረፋችሁ፣ ሌላ ሥራ ከሌላችሁ 7,000 ማስገባት አትችሉም። ታክስን ለመቀነስ የሠራችሁት ሂሳብ የጡረታውን በርም ያጠበዋል። ባልና ሚስት በአንድ ላይ ታክስ የሚሠሩ ከሆነ ግን አንዱ ባይሠራም በሌላው ገቢ በስሙ መክፈት ይቻላል። ልጅ ለማሳደግ ቤት የዋሉ ስንት እናቶች ይህን ሳያውቁ ዓመታት አልፏቸዋል።

ደረጃ 2፦ በሩን ከመግባታችሁ በፊት ምረጡ

የኔ አስተያየት ግልጽ ነው። የሌሊት ስልክ የሚደወልለት ሰው መጀመሪያ ሮዝ ይክፈት። ትራዲሽናል ዘንድሮ የሚያስገኘው የታክስ ቅናሽ ደስ ይላል፤ ግን መውጫው በጣም ጠባብ ነው። ገቢያችሁ ከፍ ካለ ሮዝ በቀጥታ ላይፈቀድ ይችላል። በ2025 ላላገባ ሰው ከ150,000 ዶላር ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ 165,000 ላይ ይዘጋል፤ ታክስ በአንድ ላይ ለሚሠሩ ባለትዳሮች ከ236,000 እስከ 246,000 ነው።

ዝቅተኛ ገቢ ላለው ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈው ጥቅም አለ። በ2025 ባለትዳሮች ከ79,000፣ ያላገባ ከ39,500 ዶላር የማይበልጥ ገቢ ካላችሁ፣ ጡረታ ላይ ስላስቀመጣችሁ ብቻ በፎርም 8880 ከታክሳችሁ ላይ ይቀነስላችኋል። ለአንድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ለሮዝም ይሠራል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆናችሁ ግን አይመለከታችሁም። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው በፎርሙ ቁጥር ጠይቁት፤ ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል።

መክፈቱ ራሱ ቀላል ነው። እንደ ፊዴሊቲ፣ ቫንጋርድ፣ ሹዋብ ባሉ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች፣ የትም ቢሆን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ይበቃል። ግን ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ ስታስገቡ "ለየትኛው ዓመት?" ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ያለፈው ዓመት ቦታ ካልሞላ እሱን አስቀድሙ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ገባ ማለት ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ኢንዴክስ ፈንድ (ገበያውን በጥቅሉ የሚከተል የአክሲዮን ስብስብ) ወይም የጡረታ ዓመታችሁን የሚከተል ፈንድ ካልገዛችሁበት እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቀመጣል። አንድ ጓደኛዬ ሦስት ዓመት ሙሉ "ገበያው ጥሩ አይደለም መሰለኝ" እያለ ነበር፤ ለካ ምንም አልገዛም።

ደረጃ 3፦ የሮዝን ተራ እወቁ

በሞሰብ የተደረደረ እንጀራ አስቡ። ከላይ ያለው ሳይነሳ የታችኛው አይነሳም። ሮዝም እንደዚያ ነው፣ ተራውን የሚወስነውም ሕጉ ነው። ከላይ በእጃችሁ ያስገባችሁት መዋጮ አለ። ከሱ ሥር ከትራዲሽናል ወደ ሮዝ ያዛወራችሁት ካለ ይቀመጣል። ታች መሬቱ ላይ ያለው ትርፉ ነው።

በቁጥር እንየው። በአምስት ዓመት 30,000 ዶላር አስገባችሁ፤ አድጎ 38,000 ሆነ። 10,000 ብታወጡ ከመዋጯችሁ ላይ ነው። ታክስ የለም፣ ቅጣት የለም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁም የለም። 30 ዓመታችሁ ይሁን 58፣ ለውጥ አያመጣም። ከዚያ ቀጥላችሁ 25,000 ብታወጡ ግን 20,000ው የቀረው መዋጮ ነው፣ 5,000ው ወደ ትርፉ ገብቷል። በዚያ 5,000 ላይ የገቢ ታክስ ትከፍላላችሁ፤ ነጻ የሚያወጣችሁ ምክንያት ከሌለም 500 ዶላር ቅጣት አለበት።

ትርፉ ሙሉ ለሙሉ ነጻ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ዕድሜ 59 ዓመት ከስድስት ወር፣ እና ከመጀመሪያው ሮዝ አምስት ዓመት ማለፉ። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው የመጀመሪያው መዋጮ ከተቆጠረበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ለምሳሌ ኤፕሪል 2026 ላይ "ለ2025 ነው" ብላችሁ 50 ዶላር ብቻ ብታስገቡ፣ ሰዓቱ ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ ይቆጥርላችኋል። ስለዚህ ገንዘብ ባይኖርም ሂሳቡን በትንሹ መክፈት ዋጋ አለው። ከትራዲሽናል ያዛወራችሁት ደግሞ የየራሱ አምስት ዓመት አለው፤ ከዚያ በፊትና ከ59 ተኩል በፊት ከነካችሁት 10 በመቶው ሊመጣ ይችላል።

ያወጣችሁትን ግን እንደ ባንክ ሂሳብ በፈለጋችሁ ጊዜ መልሳችሁ መሙላት አትችሉም። በየዓመቱ ያለው ጣሪያ ያው ነው። 10,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ25 ዓመት ወደ 54,000 ይጠጋል። ያለ ቅጣት ወጣ ማለት በነጻ ወጣ ማለት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ትራዲሽናልን መንካት ግድ ከሆነ ምክንያት ፈልጉለት

ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከትራዲሽናል ያወጣችሁት በገቢያችሁ ላይ ይደመራል፤ 10 በመቶም ይጨመርበታል። ሕጉ ያስቀመጣቸው ነጻ ማውጫዎች አሉ። ነጻ የሚያወጡት ግን ከ10 በመቶው ነው፤ የገቢ ታክሱ ይቀራል። ደግሞም ሕጉ የሚያውቀው ቤተሰብና እኛ ቤተሰብ የምንለው አንድ አይደሉም።

ሕክምናን እንውሰድ። ኢንሹራንስ ያልከፈለው የሕክምና ወጪ ከዓመት ገቢያችሁ 7.5 በመቶ ካለፈ፣ ያለፈውን ያህል ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ገቢያችሁ 60,000 ከሆነ 7.5 በመቶው 4,500 ነው። 9,500 ዶላር የሆስፒታል ዕዳ ከከፈላችሁ 5,000ው ነጻ ይወጣል። ግን ሕክምናው የእናንተ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ወይም በታክስ ሥራችሁ ሥር የሚገባ ጥገኛ መሆን አለበት። ጥገኛ ለመሆን ደግሞ አሜሪካዊ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለ አባት፣ በየወሩ ብትልኩለትም፣ እዚህ ውስጥ አይገባም። የአባቴ ቀዶ ጥገና የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

ትምህርትም እንዲሁ። የራሳችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ፣ የልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ የኮሌጅ ክፍያና መጽሐፍ ይገባል። ቢያንስ በግማሽ ጊዜ የሚማር ከሆነ የመኖሪያና የምግብ ወጪውም ይገባል። የእህት ልጅ አይገባም፤ እናንተ ያሳደጋችሁት ወንድምም አይገባም። ትምህርት ቤቱም የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማግኘት የሚችል መሆን አለበት። ገንዘቡን ያወጣችሁበትና ክፍያውን የፈጸማችሁበት ዓመት አንድ ይሁን። ያወጣችሁት ገቢ ሆኖ ስለሚመዘገብም ልጃችሁ ለወደፊት የሚያገኘውን የትምህርት እርዳታ ሊቀንስ ይችላል።

ለመጀመሪያ ቤት 10,000 ዶላር አለ፤ በዕድሜ ልክ አንዴ የሚሞላ ጣሪያ ነው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ከየራሳችሁ አይአርኤ ማውጣት ትችላላችሁ። "መጀመሪያ" ሲባል ባለፉት ሁለት ዓመታት ዋና መኖሪያ ቤት ያልነበረው ማለት ነው። ገንዘቡ በወጣ በ120 ቀን ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ቤቱ ዋና መኖሪያ ይሁን፤ ለማከራየት አዲስ አበባ የሚገዛ ኮንዶሚኒየም አይቆጠርም።

ልጅ ሲወለድ ወይም በጉዲፈቻ ሲመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ማውጣት ይቻላል፤ እናትም አባትም ከየራሳቸው። ሥራ አጥታችሁ 12 ሳምንት የሥራ አጥነት ክፍያ ከተቀበላችሁ ለጤና ኢንሹራንስ መክፈያ ይፈቀዳል። የአካል ጉዳት፣ ለሞት የሚያደርስ ሕመም፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ፌዴራል መንግሥት ያወጀው አደጋም አሉ። ባለሂሳቡ ከሞተ ወራሾቹ 10 በመቶው አይነካቸውም።

ከ2024 ጀምሮ የመጣ አንድ ትንሽ በር ግን ለኛ ይጠቅማል። ለራስ ወይም ለቤተሰብ ድንገተኛ ችግር በዓመት አንዴ እስከ 1,000 ዶላር ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። የሕክምናና የቀብር ወጪ ከምሳሌዎቹ መካከል ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ካልመለሳችሁ ወይም ያንኑ ያህል አዲስ መዋጮ ካላስገባችሁ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛ አይፈቀድላችሁም። በሂሳቡ ቢያንስ 1,000 ዶላር መቅረትም አለበት። እኔ ባወጣሁበት ጊዜ ይህ አልነበረም።

በየቡናው የሚወሩ ሁለት ስህተቶችም አሉ። "55 ዓመት ከሞላህ ቅጣት የለም" የሚባለው ለ401ኬ ነው፤ ያውም 55 በሚሞላችሁ ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ ያንን ሥራ ለለቀቃችሁ። ገንዘቡን ወደ አይአርኤ ካዛወራችሁት ያ መብት ይጠፋል፤ ስለዚህ ለማዛወር አትቸኩሉ። ሌላው "አገር ቤት ጠቅልዬ ስገባ ይለቁልኛል" የሚለው ነው። ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ከ10 በመቶው ነጻ አያወጣም።

ደረጃ 5፦ 60 ቀን ብድር አይደለም

ያወጣችሁትን በ60 ቀን ውስጥ መልሳችሁ አይአርኤ ውስጥ ካስገባችሁ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ይህን ሰምቶ "ዕቁብ በሚቀጥለው ወር ይወጣልኛል፣ እስከዚያ ልጠቀምበት" የሚል ሰው አውቃለሁ። ዕጣው ለሌላ ወጣ። 61ኛው ቀን ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ባለ ምክንያት መለመን ከንቱ ነው።

ይህን ማድረግ የሚቻለው በ12 ወር አንዴ ነው፤ ስንትም አይአርኤ ቢኖራችሁ። የሚመለሰውም ሙሉው ነው። 10,000 አዝዛችሁ 9,000 እጃችሁ ከገባ የምትመልሱት 10,000 ነው፤ የጎደለችውን ሺህ ከኪሳችሁ ትሞላላችሁ። ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ መቀየር ብቻ ከፈለጋችሁ ቼኩ በእጃችሁ እንዳይመጣ አድርጉ። ኩባንያዎቹ በቀጥታ እንዲላላኩ እዘዙ።

ደረጃ 6፦ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ደቂቃ

አፑ ላይ "ታክስ ይቆረጥ?" የሚል ገጽ ይመጣል። ከጀርባው ያለው ወረቀት ደብሊው-4አር ይባላል። ምንም ካልመረጣችሁ ከትራዲሽናል 10 በመቶ ይቆረጣል፤ እኔን ያሞኘኝ ይሄ ነው። 22 በመቶ ላይ ያለ ሰው ከቅጣቱ ጋር 32 በመቶ ለፌዴራል ብቻ ይደርስበታል። ወይ ያን ያህል አስቆርጡ፣ ወይ ለኤፕሪል ለይታችሁ አስቀምጡ። ከሮዝ መዋጯችሁን ብቻ ስታወጡ ደግሞ "አይቆረጥ" በሉ፤ ያለበለዚያ የራሳችሁን ገንዘብ ታክስ እስክትሠሩ ለመንግሥት ታበድራላችሁ።

ወቅቱ ዲሴምበር ከሆነ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ጃንዋሪ ላይ ማውጣት ይቻል እንደሆነ አስቡ። ገቢው በሁለት ዓመት ሲከፈል ወደ ከፍተኛው የታክስ እርከን ላትገቡ ትችላላችሁ። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ደግሞ ስቴቱ በራሱ 2.5 በመቶ ቅጣት ይጨምራል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ ሲመጣ

1099-አር ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ይደርሳችኋል። ነጻ የሚያወጣ ምክንያት ቢኖራችሁም ኩባንያው ስለማያውቀው ብዙ ጊዜ ሳጥን 7 ላይ 1 ይጽፋል። ያንን የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ፣ በፎርም 5329። ለሕክምና 05፣ ለትምህርት 08፣ ለመጀመሪያ ቤት 09 ይጻፋል። ፎርሙ ካልገባ የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ ቅጣት እንዳለባችሁ ይቆጥራል። ደረሰኞቹን አብራችሁ አትልኩም፤ ግን ሲጠይቁ የምታሳዩት እንዲኖር አስቀምጡ። ባለፉት ዓመታት ምክንያት እያላችሁ ቅጣት ከፍላችሁ ከሆነ፣ ታክሱን ከሠራችሁ በአብዛኛው እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በ1040-ኤክስ አስተካክላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከሮዝ ከሆነ የሚመጣው ምልክት ብዙውን ጊዜ ጄ ነው። ታክስ የሚከፈልበት ስንት እንደሆነ ኩባንያው አይነግራችሁም። የወጣው መዋጮ መሆኑን በፎርም 8606 የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ደግሞ እስከ ዛሬ በጠቅላላ ስንት እንዳስገባችሁ ማወቅ አለባችሁ። በየዓመቱ ሜይ አካባቢ የሚመጣው ፎርም 5498 የዚያን ዓመት መዋጮ ይናገራል፤ የምትደምሩት እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ይጥለዋል።

የኔዎቹ በአንድ ቢጫ ፖስታ ውስጥ፣ ከልደት ካርዶቹ ጋር አሉ። አዲስ 5498 በመጣ ቁጥር ፖስታው ላይ የድሮውን ድምር ሰርዤ አዲሱን በእጄ እጽፋለሁ። አሁን 26,000 ይላል።